የደንበኛው ወንበር

ኤጂዲዮ ማርሲች የሞተው በራሱ ቢሮ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የተቀመጠበት ወንበር ግን የእሱ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ኒቬስ ኮሹታ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ያሳረፈችው በዚህ ነገር ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የቆዳ ወንበር በሰውየው ጀርባ ልክ ሰርጉዷል፤ ክርኑ ያረፈበትም ተልጧል። ሟቹ ያለው ግን ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ምክር ፈላጊ በሚቀመጥበት ተራ ወንበር ላይ ነው። አንገቱን ደፍቷል። በጡጫው ውስጥ የረጠበ ሶፍት ጨብጧል። የሶፍቱ ካርቶን ሳይንጠራራ በሚደርስበት ቦታ፣ ከግራ እጁ አጠገብ ተቀምጧል። ከቀኝ እጁ አጠገብ ደግሞ ውኃ የነበረበት ብርጭቆ አለ። ሌላ ወንበር ከጠረጴዛው ማዶ ሳይሆን ወደ ማዕዘኑ ተስቦ ከሟቹ ጉልበት ጎን ቆሟል።

"አልቅሶ ነው የሞተው" አለ ሳጅን ቦሪስ። ጡረታው ስለደረሰ የሚፈራው ሰው አልነበረም። "ማርሲች ሲያለቅስ! ይህን ለማየት ግማሹ የትሪየስቴ ከተማ ሰው ቲኬት ይቆርጥ ነበር።"

"ቀስ በል፤ የጽዳቷ ሴትዮ ትሰማሃለች።"

"እሷም ትቆርጥ ነበር።"

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ "ቲኬት ቆርጬ ከፊተኛው ረድፍ ነበር የምቀመጠው" አለች።

በሩ አልተሰበረም፤ መሳቢያ አልተበረበረም። የማርሲች ስልክ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ነበር። ጤነኛ ሰው ከወንበሩ ብድግ ቢል ይደርስበታል፤ እየሞተ ያለ ሰው ግን አይደርስበትም። ሐኪሙ በዚያው ቀን ረፋድ ውጤቱን ይዞ ሲደውል ነገሩ ለየለት።

"ሰውየው የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ጠብታ ይወስዳል" አለ። "ከዚያው ጠብታ በብርጭቆው ውስጥ ፈረስ የሚጥል ያህል አለ።"

"ራሱ ጨምሮት ይሆን?" አለ ቦሪስ።

"ራሱን ሊገድል የተነሳ ሰው እንግዳ ጎኑ አያስቀምጥም" አለች ኒቬስ። "ያ ወንበር ሰው ነበረበት።"

ማርሲች የሞተበት ምሽት የፌራጎስቶ፣ የበጋው የእረፍት በዓል፣ ዋዜማ ስለነበር ከተማው ሁሉ ወደ ባሕር ወርዶ ነበር። በሕንፃው ውስጥ ማርሲች ቢጮህ የሚሰማው ጆሮ አልነበረም።

ወደ መኪናው ሲወርዱ ቦሪስ በጎን አያት። "ጠዋት ዘግይተሻል፣ አለቃ። ዛሬም በዚያኛው መንገድ ነው የመጣሽው?"

ኒቬስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች። አባቷ ቪቶሪዮ ባለፈው የብርድ ወራት የሞተው በሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ በተሽከርካሪ አልጋ ነው። ተረኛው ሐኪም ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ አላየውም። ያ ሐኪም መሀል ከተማ የግል ክሊኒክ አለው፤ ስሙ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል። ኒቬስ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላለቀሰችም። በየጠዋቱ ብቻ መንገዷን አዙራ በዚያ በር ታልፍና ሰሌዳውን አይታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

*

በማርሲች ቢሮ መግቢያ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ጠረጴዛ አላት። ኦርዬታ ዙሊያን ትባላለች፤ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቀድሞ የጨርቅ ሱቅ ሻጭ የነበረች ሴት ናት። ከራስጌዋ አዲስ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ከመስታወቱ ላይ የዋጋው ወረቀት ገና አልተላጠም።

"እርስዎም የገንዘብ ዕቅድ አማካሪ ነዎት?" አለች ኒቬስ።

"ሆንኩ። በሦስተኛው ፈተና።" ኦርዬታ እጆቿን አጣጠፈች። "መጀመሪያ ትምህርቱ፣ ከዚያ ፈተናው፣ ከዚያ በነባር አማካሪ ሥር መሥራት፣ ከዚያ መሐላው። ሲያገኙት ያለቀ ይመስልዎታል፤ አያልቅም። በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የሥነ ምግባር ትምህርት ተከታትለው ካላስፈረሙ ወረቀቱ ከግድግዳው ይወርዳል።"

"የሚፈርመው ማነው?"

ኦርዬታ በአገጯ የተዘጋውን በር አመለከተች። "በዚህ ከተማ ያለ አማካሪ ሁሉ አንገቱ በእሱ ብዕር ሥር ነበር።"

"እንግዲያው ጠላት አያጣም።"

"ሦስት አውቃለሁ። አንዱ ፒኖ ነው፤ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ የነበረ ደንበኛው። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ቆሞ 'በእጄ እቀብርሃለሁ' ብሎታል፤ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ሌላው ሸሪኩ ፉልቪዮ ደግራሲ ነው። ትምህርቱን ስለማይከታተል ማርሲች ዘንድሮ አልፈርምልህም ብሎት ነበር።"

"ከሁሉ የበለጠ የሚጠላውስ?"

"እኔ ነኛ" አለች ኦርዬታ።

ቦሪስ ከት ብሎ ሳቀ። ኒቬስም ፈገግ አለች። "ሁለት ጊዜ ስለጣለዎት?"

"እሱስ ደስ ነው ያለኝ። ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ሲጥለኝ ነው።" የጠረጴዛዋን መሳቢያ በቀስታ ዘጋች። "ሌላ የሚጠይቁኝ አለ?"

አልነበረም።

*

ፒኖን ያገኙት ባሕር ዳር፣ ወንዶችና ሴቶች በግንብ ተለይተው በሚዋኙበት መታጠቢያ ነው። ኒቬስ ወደ ወንዶቹ በኩል ማለፍ አትችልም፤ ቦሪስ ደግሞ በሱሪ አላስገባ አሉት። ስለዚህ ቦሪስ በቁምጣ ገባ፤ ኒቬስ ከግንቡ ወዲህ፣ ዘይት ከተቀቡ አሮጊቶች መሀል ቆመች።

"ፒኖ!" ብላ ጮኸች። "ትናንት ምሽት የት ነበርክ?"

"ማናት?" አለ ከማዶ የሻከረ ድምፅ።

"ፖሊስ ናት" አለው ቦሪስ።

"አንተስ ምንድን ነህ? ሆድህን አይቼ ዓሣ ነባሪ የወጣ መስሎኝ ነበር!"

ግንቡ በሁለቱም በኩል በሳቅ ተናጋ።

"ማርሲች ሞቷል፣ ፒኖ" አለች ኒቬስ።

ሳቁ ቆመ። ፒኖ "ማነው የቀደመኝ?" አለ። "ንገሩኝና እጁን ልሳም።"

"የት ነበርክ ነው የምልህ።"

"እዚሁ! ከቀትር ጀምሮ ማታ እስኪዘጋ። ፀሐይ ላይ ተኝቼ ሳንኮራፋ የወንዱ ወገን በሙሉ መስክሯል።"

"የሴቱም ወገን ሰምቷል፣ ልጄ" አለች ከኒቬስ ጎን ያለች አሮጊት። "ማዕበል መስሎን ልብሳችንን ሰበሰብን።"

ቦሪስ የበር ጠባቂውን ጠየቀ፤ እውነት ነበር። አጋጣሚው ሳያልፈው ባሕሩ ውስጥም ገብቶ ነበርና ሲያስነጥስ ወጣ።

*

ደግራሲ ከከተማው በላይ፣ በካርሶ ተራራ፣ ገበሬዎች ደጃቸው ላይ ቅርንጫፍ ሰቅለው ወይናቸውን በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ ነበር። ከፊቱ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ቀርቦለታል።

"ትናንት ምሽት ትምህርት ላይ ነበርኩ" አለ ሳይጠየቅ። "በኮምፒውተር የሚሰጥ። ከእረፍቱ በፊት የመጨረሻው ነው። መኖር አለመኖርህን በየመሀሉ ይጠይቅሃል፤ 'አለሁ' የሚለውን ካልተጫንክ ያባርርሃል። እኔ አንዱም አላመለጠኝም። ማኅበሩን ጠይቁ።"

"ጠይቀናል" አለች ኒቬስ። "አንዱም አላመለጠህም። ስለ ምን ነበር ትምህርቱ?"

ደግራሲ ወይኑን ጎነጨ። "ስለ... ሥነ ምግባር።"

"የሥነ ምግባር ምኑ?"

"ጠቅላላው።"

የቤቱ ባለቤት ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጣች። "ሲኞር ፉልቪዮ፣ ትናንት ምሽት የረሱትን ባርኔጣ ላምጣልዎት?"

 ቦሪስ ወደ ደግራሲ ጎንበስ አለ። "ማን ሲጫንልህ ነበር?"

"ልጄ" አለ ደግራሲ አንገቱን ደፍቶ።

"የሐቀኝነት ትምህርት ላይ አጭበረበርክ?"

"ሁሉም ነው የሚያደርገው! ለአንድ ብርጭቆ ወይን ብላችሁ የምስክር ወረቀቴን ልትነጥቁኝ ነው?"

ቦሪስ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ማስነጠስ ቀደመው። ደግራሲ ጠረጴዛው ላይ ካለው ካርቶን ሶፍት መዞ እጁ ላይ አስያዘው። "እንካ፣ ሥጋዬ ላይ እንዳታስነጥስ።"

ኒቬስ የቤቱን ባለቤት ስትጠይቅ ሰውየው እስኪዘጋ ድረስ እዚያው እንደነበር አረጋገጠችላት። ደግራሲ አጭበርባሪ ነው እንጂ ገዳይ አልነበረም። ሊነሱ ሲሉ ግን ሰውየው ራሱ ጎተታቸው።

"ኤጂዲዮ ላይ ያለኝ ጥላቻ ትንሹ ነው" አለ። "ሳንድሮ ፔርቶትን የመሰለ ሰው ነው ያጠፋው። አብሮን ይሠራ ነበር፤ ከሁላችን ቀጥተኛው እሱ ነው። ኤጂዲዮ ለጡረተኞች የበሰበሰ አክሲዮን ሸጠ፤ ነገሩ ሲፈነዳ የሳንድሮ ስም በውሎቹ ሥር ተጽፎ ተገኘ። የሥነ ምግባር ጉባኤው ላይ የከሰሰው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ኤጂዲዮ። የምስክር ወረቀቱን በአንድ ከሰዓት ገፈፉት። ጡረተኞቹ መንገድ ላይ ተፉበት። ሳንድሮ ከዚያ ወደ ወደቡ ግድብ ሄደ፤ ጫማውን አውልቆ አስቀምጦ ውኃው ውስጥ ገባ።"

"አንተ እውነቱን ታውቅ ነበር?"

ደግራሲ ሳህኑን ገፋ። "ለእኔም የሚፈርምልኝ እሱ ነበር።"

"ቤተሰብ አለው?"

"ሚስት ነበረችው። አይቻት አላውቅም። ሳንድሮ ቤቱንና ቢሮውን አያገናኝም።"

ቦሪስ ማዘጋጃ ቤት ደወለ። ሴቶች በአባታቸው ስም በሚኖሩበት አገር የፔርቶትን ሚስት የሚያሳይ መዝገብ እዚያ ብቻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ለበዓሉ ተዘግቷል።

*

ኒቬስ ወደ ኦርዬታ ቤት የሄደችው አንድ ነገር ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ኦርዬታ ሳን ጃኮሞ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ቦሪስ ከታች ሲጋራ ሊያጨስ ቀረ።

"ያ ወንበር አልወጣልኝም" አለች ኒቬስ። "የገዛ ቢሮው ውስጥ ለምን በደንበኛ ቦታ ይቀመጣል?"

"ሲፈትን ነዋ" አለች ኦርዬታ። "አዲስ አማካሪ የምስክር ወረቀቱን ባገኘ በመጀመሪያዎቹ ወራት አስተማሪው ፊት አንድ ምክክር ያካሂዳል። አስተማሪው ደንበኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ችግር ፈጥሮ ያወራል። እኛ እናዳምጣለን።"

"እንዴት ነው የሚደረገው? ያሳዩኝ።"

ኦርዬታ ጥቂት አየቻት። "እሺ፤ ደንበኛዬ ይሁኑ።"

የኒቬስን ስልክ ከጠረጴዛው አንስታ ኮመዲኖው ላይ አኖረችው። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ወንበር ወደ ማዕዘኑ ስባ ከኒቬስ ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች። "ፊት ለፊት መቀመጥ ክስ ይመስላል" አለች። ውኃ ቀዳችላት። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"ገንዘቡ ይቆየን" አለች። "መጀመሪያ ይንገሩኝ፤ ማን ሞቶብዎታል?"

ኒቬስ ልትስቅ ነበር። ጨዋታ ነው፤ የሆነ ስም ፈጥራ ልትመልስ ትችላለች። አፏን ስትከፍት ግን "አባቴ" የሚል ወጣ። ከዚያም ኮሪደሩ ወጣ፣ አልጋው ወጣ፣ አባቷ "ሥራ በዝቶበት ነው፣ ልጄ፤ አትቆጪው" ያለው ወጣ፤ የነሐሱ ሰሌዳ ሳይቀር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያልመጣው እንባ መጣና አላቆም አለ።

ኦርዬታ አልተናገረችም፤ አልነካቻትም። የሶፍቱን ካርቶን ብቻ በጠረጴዛው ላይ በቀስታ ገፋ አድርጋ ከኒቬስ ግራ እጅ አጠገብ አቆመችው።

ኒቬስ ካርቶኑን አየችው፤ ማርሲች ጠረጴዛ ላይም ልክ በዚህ ቦታ ነበር። እንባዋ እየወረደ እጇ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

"ለምን አልሰጡኝም?" አለች።

"ምኑን?"

"ሶፍቱን። ሌላ ሰው መዞ እጅ ላይ ያስይዛል።"

"ለሚያለቅስ ሰው ሶፍት እጁ ላይ ካስያዙት 'በቃህ' ማለትዎ ነው። አጠገቡ ያኖሩለታል፤ ሲፈልግ ራሱ ያነሳዋል።" ኦርዬታ ድምፅዋን አልለወጠችም። "ባለፈው ጸደይ ነው የተማርነው፣ እኛ አዲሶቹ። ነባሮቹ አያውቁትም። ያስተማረን እሱ ነው። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ የሚያስተምረው ግን ሌላውን እንጂ ራሱን አልነበረም።"

ኒቬስ ፊቷን በእጇ ጠረገች። የውኃው ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

"ይጠጡት" አለች ኦርዬታ። "ውኃ ነው። እርስዎ ምን አደረጉኝ?"

ኒቬስ አልጠጣችም። "ሲኞራ፣ ባለቤትዎ ማን ነበሩ?"

"አንዳችሁም ሳትጠይቁኝ ትቀሩ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ሳንድሮ ፔርቶት።"

"ከሁሉ የበለጠ እንደሚጠሉት መጀመሪያውኑ ነግረውናል። እኛ ሳቅን።"

"ሐሰት ላልናገር ምያለሁ፤ አልተናገርኩም። ሴትዮ አርጅታ ተማሪ ስትሆን ሁሉም ይስቃል፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ቂም ይዤ ተማርኩ፤ ቂም ይዤ ማልኩ። ከእሱ ጋር ብቻዬን በር ዘግቼ የምቀመጥበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ደጁ ላይ ብጮህ እንደ ፒኖ ዘበኛ ይጠራብኛል። ተማሪው ከሆንኩ ግን ራሱ ወንበር ይስብልኛል።"

"ጠብታውስ?"

"ከራሱ መሳቢያ። ውኃ የሚቀዳው አማካሪው ነው፤ ደንቡ ነው። ጠጣ። ከዚያ ነገርኩት። 'ስልኩ እዚያ አለ፤ አምቡላንስ እጠራልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ያጠፋኸውን ሰው ስም ጥራ' አልኩት። የፈተናው አካል መሰለው፤ ሳቀ። ልቡ ሲደክምበት ግን መሳቁን ተወ።"

"ጠራ?"

"ጠራ እንጂ! የጡረተኞቹን ስም ጠራ። ፒኖን ጠራ። የፈታትን ሚስቱን፣ ደግራሲን፣ ወንድሙን፣ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰዎችን ጠራ። ለካ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል! እያለቀሰ ይጠራል። ሶፍቱን አስጠጋሁለት። እያንዳንዱ ስም ሲወጣ እጄ ወደ ስልኩ ይነሳል፤ እምልልዎታለሁ፣ ቢጠራው እደውል ነበር። ሳንድሮን አልጠራም።"

"ደብቆት ይሆናል።"

"የሚሞት ሰው ምን ይደብቃል? መጨረሻ ላይ እኔው ነገርኩት። 'ሳንድሮ' አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።" ኦርዬታ የሶፍቱን ካርቶን ወደ ራሷ ሳበች። "'የትኛው ሳንድሮ?' አለኝ።"

ከመንገዱ የቦሪስ ማስነጠስ ተሰማ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ኒቬስ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች፤ ወጊው እውነት ይረሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር።

"አሁን ቀለለዎት?" አለች።

"አልቀለለኝም። አልጠገብኩም። ሁለት ጊዜ አይሞትልኝም።" ኦርዬታ ተነስታ የኒቬስን ስልክ ከኮመዲኖው አንስታ መለሰችላት። "ደንበኛዬ ስለነበሩ አንድ ምክር ልስጥዎት። ያ ባለ ነሐስ ሰሌዳ ሐኪም፣ ምንም ከማድረግዎ በፊት የአባትዎን ስም ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የጠየቅሁት። መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።"

*

ጣቢያ ውስጥ ቦሪስ ቃሏን ሊመዘግብ ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች ኦርዬታ። "ከእኔ ስም በፊት የእሱ ይጻፍ። ከነሙያው።"

"ቅጹ አይፈቅድም፣ ሲኞራ" አለ ቦሪስ። "የሚጀምረው በተከሳሽ ስም ነው።"

"ከላዩ ጻፈው" አለች ኒቬስ።

"ምን ብዬ?"

"ሳንድሮ ፔርቶት፣ የምስክር ወረቀት ያለው የገንዘብ ዕቅድ አማካሪ።"

"አለቃ፣ ወረቀቱ እኮ ተገፏል።"

"ጻፍ አልኩህ!"

ቦሪስ ጻፈ። ኦርዬታ መነጽሯን አድርጋ መስመሩን አነበበችው፤ አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። ከዚያ ያለ አንዳች ቃል ከታች ፈረመች።

በዓሉ አልፎ ከተማው በሩን ሲከፍት፣ ኒቬስ እንደ ወትሮዋ በዚያኛው መንገድ መጣች። ሰሌዳው ፊት ስትደርስ ግን አላለፈችም፤ ደወሉን ተጫነች።

"አቤት፣ ማን ልበል?" አለ የሐኪሙ ድምፅ ከማነጋገሪያው።

ኒቬስ ፖሊስ ነኝ አላለችም። የራሷንም ስም አልተናገረችም፤ የአባቷን ጠራች።

"ቪቶሪዮ ኮሹታ" አለችና መልሱን ለመስማት ጆሮዋን አስጠጋች።